መከራ እምነትን ሥር የሚያስይዘው መቼ ነው?



በጥናት ጊዜያችን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «መከራ እምነትን ያጠነክራል» የሚለው ነው። ሰባክያን ይናገሩታል፤ እኛም እርስ በርሳችን እንናገረዋለን። ነገር ግን ዙሪያችንን ብንመለከት መከራ ያጠነከረውን ሰው የምናውቀውን ያህል መከራ የሰበረውንም ሰው እናውቃለን። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዓይነት ኀዘን አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ ሌላው ደጇን ረስቶ ይቀራል። ስለሆነም አባባሉን እንዲሁ ከመድገም ይልቅ መከራ እምነትን ሥር የሚያስይዘው መቼና እንዴት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። ለዚህም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ በዚሁ በጎጃም ምድር ምሳሌ ሞልቶልናል።

በመጀመሪያ ጌታችን ስለ ዘሪው የተናገረውን ምሳሌ እንመልከት (ማቴ. 13)። በጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር ፈጥኖ በቀለ፤ ፀሐይ በወጣ ጊዜ ግን ጠወለገ። ጌታ ምሳሌውን ለደቀ መዛሙርቱ ሲተረጉምላቸው ያ ዘር በመከራና በስደት ጊዜ የሚሰናከለው ሰው መሆኑን ገለጠላቸው። ልብ በሉ፤ በመልካሙ መሬት ላይ የወደቀውም ዘር ያው ፀሐይ ወጥቶበታል። እንዲያውም ፀሐይ ባያገኝ ኖሮ ባላፈራም ነበር። ፀሐዩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን ያደረቀው ሌላውን ያበሰለው፣ ፀሐዩ ከመውጣቱ በፊት ሥር የነበረውና ያልነበረው ስለ ተለያዩ ነው።

ይህን ነገር ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው አገር የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። ጥንቁቅ ገበሬ የበርበሬውን ችግኝ ከመደቡ ነቅሎ ወደ ማሳ ከማዛወሩ በፊት ውኃውን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ፀሐይን ያስለምደዋል። ይህ ለችግኙ መከራ ነው፤ ነገር ግን በልክ የሆነና የሚጠብቀው ሰው ያለበት መከራ ነው። ሥር ያልያዘውን ችግኝ ግን «ይጠንክር» ብሎ ለጠራራ ፀሐይ የሚተወው ገበሬ የለም። ቢተወው ይሞትበታልና።

እንግዲህ ሥሩ የሚወርደው እንዴት ነው? ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ሆኖ ያገኘነው የቆሎ ተማሪው ነው።

ጎጃም በቅኔ የታወቀ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የለም። የጎጃም ልጅ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለአቋቋምና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ የሌላው አገር ልጅ ደግሞ ለቅኔ ወደ ጎጃም ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ተማሪው ከወላጆቹ ኮብልሎ የወጣ ነው። በአገሩ ቢቀመጥ እናቱ እየናፈቀች ትጠራዋለች፤ አባቱም ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ይፈልገዋል። ስለዚህ ስሙን የሚያውቅ ሰው ወደሌለበት አገር ርቆ ይሄዳል። ልብሱ ደበሎ ነው፤ ቤቱ ራሱ ከባልንጀሮቹ ጋር የሠራት፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት የሣር ጎጆ ናት። የቀን ትምህርቱን ሲጨርስ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ ወደ መንደር ይወርዳል፤ በየደጁም ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። አንዱ ቤት ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ቤት «እግዜር ይስጥህ» ይለዋል፤ ከሦስተኛው ቤት ውሻ ይወጣበታል። በልጅነታቸው የተማሩ አባቶች እግራቸው ላይ ያለውን የውሻ ጥርስ ምልክት እያሳዩ ሲስቁ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

ሥቃዩ ግን ሁሉ በሳቅ የሚታለፍ አልነበረም። ግርሻ የሚባለው በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት በተማሪ ጎጆዎች እየገባ ብዙ ልጆችን ቀጥፏል። እናቱ ሳታየው፣ ወንድሙ ሳያለቅስለት በሰው አገር የተቀበረ ተማሪ ስንት እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ጎስቋላ ኑሮ እንደ ጽድቅ አድርገው ሲያወሩት እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። ቅማል ማንንም አላጸደቀም፤ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ ያገኘ ተማሪም ቅኔው አይጎድልበትም። የዛሬውን ተማሪ ለመርዳት ገንዘብ ስናዋጣ «ችግሩን ካቃለልንለት ትምህርቱን ይተዋል» የሚል ሰው ቢገጥመን፣ እርሱ ራሱ አንድ ሳምንት በደበሎ አድሮ ይመልስልን።

ታዲያ የተማሪውን እምነት ሥር ያስያዘው ረሀቡ ነውን? ረሀብ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ በየከተማው አስፋልት ዳር የሚያድር ሁሉ ሊቅ በሆነ ነበር። ተማሪው የሚራበው ባዶ ልብ ይዞ አይደለም። ከመኮብለሉ በፊት ወይም በኮበለለ ሰሞን ዳዊትን ደግሟል፤ ፍቺውን ገና ሳያውቀው ቃሉ በአፉ ገብቷል። ሲመሽ ደግሞ ወደ ጎጆው ሲመለስ የሚጠብቀው አለ፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናዋል፤ በማግሥቱም የኔታ «እስቲ የቆጠርኸውን በል» ይሉታል። ቅኔ እንደሚታወቀው አንድ ጊዜ ከቀረበ በኋላ ሁለተኛ አይባልም፤ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። ስለዚህ ልጁ ተርቦም፣ ታሞም፣ እናቱን ናፍቆም ቢሆን በዚያ ሌሊት ከልቡ አንድ ነገር አውጥቶ ለእግዚአብሔር ማቅረብ ይኖርበታል። መከራው ወደ ማጉረምረም ብቻ እንዳይሄድ መንገድ ተበጅቶለታል ማለት ነው።

ደግሞም በሩን የሚከፍት ሰው አለ። ስለ ቆሎ ተማሪ ሲነገር ስለዚህ ሰው እምብዛም አይነገርም፤ እኛ ግን ከተማሪው ይልቅ በዚህ ሰው ላይ ቆም ማለት እንወዳለን። በክረምት፣ አሮጌው እህል ከጎታ ባለቀበትና አዲሱ ባልደረሰበት ጊዜ፣ ለማታውቀው ልጅ ከመሶቧ ግማሽ እንጀራ የምታነሣው የገጠር እናት ማን ናት? ፊደል አልቆጠረችም። ልጁ ዋዜማና መወድስ ሲል ምን እንደሚል አታውቅም። የምታውቀው የእመቤታችንን ስም መጥራቱን ብቻ ነው። ነቢዩ ኤልያስ በራብ ዘመን ወደ ሰራፕታ የተላከው ወደ ባለጸጋ ቤት እንዳልነበረ እናስታውስ (1ኛ ነገ. 17)። የመጨረሻዋን እፍኝ ዱቄት ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ለመሞት እንጨት ወደምትለቅም መበለት ተላከ፤ ያውም «አስቀድመሽ ለእኔ» ብሎ እንዲለምናት። ለጤነኛ አእምሮ ይህ ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ነቢዩም ተርቧል፤ መበለቲቱም ተርባለች፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሁለቱም ዳኑ። የጎጃም ጉባኤያት ለብዙ ዘመን የኖሩት በአብዛኛው እንዲህ ባለ እጅ ነው። አንዳችን የሌላውን ችግር ካልነካን መከራችን ለየብቻ ያደርቀናል የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው።

ይህ የወንዶች ልጆች ነገር ብቻ የሚመስላቸው እኅቶች ካሉ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስቡ። እማሆይ ገላነሽ በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡ ሲሆኑ፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው በጎጃም በጽላሎ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ መምህርት ናቸው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ቅኔ ቤት መቀመጧ ብርቅ ነበር፤ ሴት መምህርት፣ ያውም ዓይነ ስውር፣ ከዚያ በላይ ብርቅ ነበር። ዓይናቸው በመጥፋቱ ሊቅ ሆኑ ማለት ግን ስሕተት ነው። ዓይናቸውን ያጡ ስንት ሴቶች ልጆች በየጓዳው ተረስተው ቀርተዋል! የእርሳቸው ልዩነት ልጄ ማየት ስለማትችል መማር አትችልም ያላሉ አባት ማግኘታቸው ነው። አባትየው የሚያስተምሩት በቃል ነበርና መጽሐፍ ማየት ላልቻለችው ልጅ በሩ ክፍት ሆነ። በቤታችን አካለ ስንኩል እኅት ወይም ወንድም ያለን ሁሉ ይህን ደጋግመን ብናስበው መልካም ነው።

ከደብረ ኤልያስ የተገኙትን ሌላ ሰው ደግሞ እንመልከት። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ በጎጃም በደብረ ኤልያስ ነው፤ ትምህርታቸውንም የጀመሩት እንደ ማንኛውም የቤተ ክርስቲያን ልጅ በአብነት ትምህርት ቤት ነው። ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ደርግ በየካቲት ወር 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ ከሦስት ዓመት ተኩል እስራት በኋላም በነሐሴ ወር 1971 ዓ.ም. በምስጢር ተገደሉ። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። ምእመናን ለዓመታት በጸሎታቸው ስማቸውን ሲያስቡ ለሕያው ይሁን ለሙት እንደሚጸልዩ አያውቁም ነበር። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያረፈውም በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ነው።

በእስር ቤት ውስጥ ምን እንዳሰቡ፣ ምን እንደጸለዩ እኛ ልንናገር አንችልም፤ እንዲህ አሉ እያሉ ቃል በአፋቸው ማስገባትም አይገባም። የምናውቀው ውጪ የነበረውን ነው። ሃይማኖት የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ነው እየተባለ በየስብሰባው በሚነገርበት በዚያ ዘመን፣ ከየትምህርት ቤቱ የወጡ ወጣቶች ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቶች መጡ። ሁሉም አልመጡም፤ ከዚያ ትውልድ ከእምነቱ ርቆ የቀረም ብዙ ነው። የመጡት ግን ሲመጡ የሚቀበላቸው ቦታ አገኙ፤ መዝሙር የሚያስጠና፣ ወንጌል የሚያስነብብ፣ ስማቸውን ጠርቶ «ባለፈው እሁድ የት ነበርህ?» የሚላቸው አገኙ። ያ ባይኖር ኖሮ ስደቱ ብቻውን አንድም ወጣት ባላመጣ ነበር ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንመለስ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ዕለቱ እሁድ፣ ወቅቱም ጾመ ፍልሰታ ነበር። በዚያን ዕለት ስሟ «የሰላም መንገድ» በሆነችው በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ከሃያ በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሠራተኞች ለዜና አውታሮች ተናግረዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያ ሳምንት ባወጣው መግለጫ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬንና ደብረ ብርሃንን ጠቅሶ በሰላማዊ ሰዎች ላይ ጉዳት መድረሱን ገልጿል። በተከታዮቹ ዓመታትም በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ያለ ትምህርት ቆዩ፤ መንገድ ተቋረጠ፤ ገበሬውም ማዳበሪያ ለማግኘት ተቸገረ። ማን ምን እንዳደረገ መመርመር የሌላ መድረክ ሥራ ነው። የእኛ ጥያቄ በየቤቱ ኀዘን ለተቀመጠው ወገናችን ምን እንላለን የሚለው ነው።

እንደ እኛ አስተያየት «እግዚአብሔር እምነትህን ሊያጠነክር ነው» ልንለው አይገባም። መጽሐፈ ኢዮብን ያነበበ ይህን ቃል ለመናገር ይፈራል። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩት በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ (ኢዮ. 2፥13)፤ በመጽሐፉ ሁሉ ከሠሩት ሥራ ያማረው ይህ ነው። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የተናገሩት ነገር ብዙው በራሱ ሲታይ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነበር እንጂ በሚጮኸው በኢዮብ ላይ አልነበረም (ኢዮ. 42፥7)። ቅዱስ ጳውሎስም ቢሆን በእስያ የደረሰበትን መከራ ሲጽፍ፣ ከአቅሙ በላይ ስለ ሆነበት በሕይወት መኖርን እንኳ ተስፋ ቆርጦ እንደ ነበር አልሸሸገም (2ኛ ቆሮ. 1፥8)። ሐዋርያው ያልሸሸገውን እኛ ኀዘንተኛውን ሸሽግ ልንለው አንችልም።

ባለፈው ክረምት ከእኛ ጥቂቶች ልጇን በሕመም ወደ ቀበረች አንዲት እናት ቤት ለልቅሶ ሄደን ነበር። ከተቀመጥን በኋላ «ልጆቼ፣ ስብከቱ ይቆየኝ፤ ዳዊት ካላችሁ ግን በሉልኝ» አሉን። ከመካከላችን አንዱ የያዘውን ዳዊት ቢከፍት ቀኑ ሐሙስ ነበርና 87ኛው መዝሙር ላይ ደረሰ። (በአንዳንድ እትም ቁጥሩ 88 ነው።) ይህ መዝሙር እንደ ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች መጨረሻው ወደ ምስጋና አይመለስም። ነፍሱ በመከራ እንደ ጠገበች፣ ሕይወቱ ወደ ሲኦል እንደ ቀረበች፣ ወዳጆቹ እንደ ራቁት ይናገርና እዚያው በጨለማ ያበቃል። አንባቢው ነገሩ ስለ ከበደበት ወደ ሌላ መዝሙር ሊያልፍ ሲል እኚህ እናት «አይ፣ ይኸ የእኔ ነው፤ ጨርሰው» አሉት። ተነበበ። አለቀሱ። ከዚያም ቡና አፍልተው አጠጡን።

ዳዊት ደጋሚ መቶ ሃምሳውን መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ከፋፍሎ ይጸልያል፤ ከ81 እስከ 110 ያለው የሐሙስ ነው። ስለዚህ ልጁ ጤነኛ ሆኖ፣ እህሉ ሞልቶ፣ ሠርግ በተደገሰበት ሳምንት ሳይቀር ይህን የጨለማ መዝሙር በየሐሙሱ ይለዋል። ያን ጊዜ ቃሉ የእርሱ አይደለም፤ የሌላ ሰው ልቅሶ ነው። ነገር ግን የእርሱ ቀን ሲመጣ ምን ብሎ እንደሚያለቅስ አስቀድሞ ያውቃል፤ ወደ ማን እንደሚያለቅስም ያውቃል። መዝሙሩ በጨለማ ቢያበቃም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነውና። ሥር ማለት ለእኛ ይህ ነው፤ ፀሐይ ሳይወጣ በፊት፣ ገና ዝናቡ ሳለ፣ የወረደ ሥር።

ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የምንሄደው ብዙዎቻችን ዳዊትን በቃላችን አልያዝንም። ለቆሎ ተማሪው በልጅነቱ የተሰጠው ለእኛ አልተሰጠንም፤ ቢሆንም ዕድሜያችን ገና ነው። ስለሆነም በጥናት ክፍላችን ከዚህ ወር ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ መዝሙር በቃል ለማጥናት ተስማምተናል። የምስጋናዎቹን ብቻ መርጠን ሳይሆን የልቅሶዎቹንም ጨምረን ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ በደብራችን ዙሪያ ያሉት የአብነት ተማሪዎች ስንት እንደ ሆኑ፣ የሚለብሱትና የሚተኙበት ምን እንደሚመስል ሁለት ወንድሞችና ሁለት እኅቶች አይተው እንዲነግሩን ልከናል። ሳሙናም፣ እህልም፣ አሮጌ ብርድ ልብስም ማዋጣት የምትችሉ ለእነርሱ ንገሯቸው። በየቤታችሁም ያሉትን አያቶች «ለተማሪ በር የከፈታችሁበት የከፋው ዓመት የትኛው ነበር? ምን ነበራችሁ? ምን ሰጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቁና የሰማችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ። የተሰበሰበውን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

በሚመጣው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የምንጀምረው ከ87ኛው መዝሙር ነው። ዳዊት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁም ካለው ሰው አጠገብ ተቀመጡ።